በኩበት የተጫረ እሳት

ጌታነሽ በስልሳ አንድ ዓመቷ ደብተር ገዛች። ዘመሮ ገበያ ወርዳ ጨውና በርበሬዋን ከሸመተች በኋላ ከአንድ ሱቅ ፊት ቆማ አመነታች። ከዚያ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አንሥታ በነጠላዋ ሥር ሸሸገችው። ባለሱቁ «ለልጅ ልጅዎ ነው እማማ?» አላት።

«አዎ» አለች።

በዕድሜዋ ከዋሸችው ውሸት ሁሉ ትንሿ ይህች ነበረች። መዘዟ ግን ሦስት ዓመት ቆይቶ የአንዲት ልጅ ትዳር ሊያፈርስ ደረሰ።

ጌታነሽ የየት አገር ሰው ናት ለሚል፣ ከዘመሮ ወደ ጓሳ አፋፍ ሲወጡ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ከሚያስኬደው መንገድ ጫፍ ላይ፣ አሥራ ሁለት ቤት የማይሞላ መንደር አለ። ገብስና በግ ነው ኑሮው። ዛፍ የለውም፤ ባሕር ዛፉም ቢሆን ከታች ከወንዙ ዳር እንጂ ወደ ላይ አይደፍርም። ስለዚህ ሰው የሚሞቀውም የሚያበስለውም በኩበት ነው። በዚያ መንደር የጌታነሽን ያህል ኩበት የሚያውቅ አልነበረም። እበቱን ከገብስ ጭድ ጋር አሽታ፣ በመዳፏ ጠፍጥፋ ከድንጋዩ አጥር ላይ ስትለጥፈው፣ አምስት ጣቷ ታትሞ ይቀራል። የሌባ ጣቷ በልጅነቷ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ስለ ዳነ፣ ከሌላ ሰው ኩበት ጋር ቢቀላቀል እንኳ ከሩቅ ይለያል። ፊደል ሳታውቅ ፊርማ ነበራት ማለት ነው።

ባሏን ፈንታን ያገኘችውም በኩበት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አልቋረጥ ብሎ የአባቷ ቤት ምድጃ ጠፋ። እናቷ «ሂጂ ከእነ ፈንታ ቤት እሳት ጭረሽ ነይ» አለቻት። ያኔ ክብሪት እንደ ልብ አይገኝም፤ እሳት ከጎረቤት ይጫራል። ስትደርስ እናቱ የለችም፣ ፈንታ ብቻውን የሞፈሩን ጠፍር እያጠበቀ ተቀምጧል። ተነሣ፤ አንድም ቃል ሳይናገር ከክምሩ ሦስት አራት ኩበት አገላብጦ አየና ደረቁን መረጠ። ፍሙን መሐሉ ላይ አስቀመጠው፣ በሌላ ግማሽ ኩበት ከደነው። ሲሰጣት «ነፋሱን በጀርባሽ አድርጊው» አላት። ያለው ይኸው ነው።

እጇን ሳይፈጃት፣ እሳቱም ሳይጠፋ ቤቷ ገባች። በማግሥቱ እሳቱ ደህና ነበር። አጠፋችው። ውሃ ደፍታበት «እማዬ፣ ዛሬም ጠፋ» አለች። በአራተኛው ቀን እናቷ ነገሩ ገባትና «ልጄ፣ ምድጃውን በውሃ አትጨርሺው፤ አባትሽን አነጋግራለሁ» አለቻት።

ፈንታ ከዚያ ወዲህም አፉ አልተፈታም። ደግ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ ግን የሚናገረው ለበሬና ለፈረስ ይበቃል እንጂ ለሰው አይተርፍም። ጌታነሽ ግን ከልጅነቷ ግጥም አለባት። በሠርግ ዘፈን አውራጅ ነበረች፤ ሙሽራ ሁሉ በእሷ አፍ ተወድሷል። ስለ ባሏ ግን አንዲት ስንኝ አውጥታ አታውቅም። ማን ይሰማታል? በሚስት አፍ ባል ሲወደስ በየትኛው አገር ተሰምቶ!

በስልሳ አንድ ዓመቷ በቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ተከፈተ። አስተማሪው ምንተስኖት ይባላል፤ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ከዘመሮ በእግሩ እየወጣ የሚያስተምር። በመጀመሪያው ቀን ጌታነሽ እጇን አወጣች።

«ፈ የምትባለዋን አሳየኝ ልጄ።»

«እማማ፣ ገና ሀ ላይ እኮ ነን። ፈ ከመጨረሻዎቹ ናት።»

«እንዲያ ናት?» አለች። ወደ ባሏ ስም ለመድረስ ፊደሉን ሁሉ ማለፍ ነበረባት። አለፈችው። ሀ ከተቆጠረ በሰባተኛው ወር ፈ ላይ ደረሰችና፣ ከስሟ አስቀድማ የፈንታን ስም ጻፈች። ምንተስኖት አይቶ አላየሁም አለ። ደግ ልጅ ነው።

የልጅ ልጇ ሳሌም አንዳንድ ቀን ከዘመሮ እየመጣች አያቷን ከትምህርት ትጠብቃት ነበር። ሳሌም በከተማው ልብስ ሰፊ ናት፤ አባቷ አወቀ የጌታነሽ የበኩር ልጅ፣ ቆርቆሮ ነጋዴ። አስተማሪውና ልብስ ሰፊዋ ከአዳራሹ ደጅ ሲተያዩ ከርመው፣ በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌ ተላከ፤ አወቀም እሺ አለ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

በዚያው መስከረም ነው ምንተስኖት ተማሪዎቹን «ስለ ፍቅር ጥቂት ስንኝ ጽፋችሁ ኑ» ያለው። ሰዉ ጽፎ መጣ። አንዱ ውዱን ጨረቃ አላት፣ አንዷ ማር አለችው፣ ሌላው ሚዳቋ አላት። ተራው ጌታነሽ ጋ ሲደርስ ደብተሯ ባዶ ነው።

«ምነው እማማ? ግጥም የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«ልጄ፣ እኔ ጨረቃን አልወዳትም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር። «ምን ያስቃችኋል? ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ጨረቃ ፍንትው ስትል፣ ጧት ገብሱ ምን ሆኖ ይገኛል? ውርጭ በልቶት አይደለም? የምወደውን ሰው በውርጭ አምጪ ልመስለው? ማር ደግሞ ከቆላ ነው የሚመጣ፤ በዓመት አንዴ ብቀምስ ነው። ሚዳቋም አይቼ አላውቅ። ባላየሁት እንስሳ ሰውዬዬን ባሞግሰው፣ እኔ ነኝ የማሞግሰው ወይስ የሰማሁት ወሬ?»

ምንተስኖት መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳቁ ቆመ። «እንግዲያው በሚያውቁት ይጻፉ» አላት።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ኩበት እየጠፈጠፈች፣ በግ እየጠበቀች፣ ቃሉን በአፏ ስታላምጥ ከረመች። ስትጨርስ ደብተሩን በእጁ ሰጥታው ዞር አለች፤ ሲያነብ ፊቱን ማየት አልቻለችም። ልጁ ሁለቴ አነበበውና «እማማ፣ ይህን ለሰው ላንብብልዎት?» አላት።

«ስሜን ካላነሣህ። አሮጊት ለባሏ የፍቅር ግጥም ጻፈች ተብሎ በዚህ መንደር ልኑር? ማልልኝ።»

«በመድኃኔዓለም።»

ማለ። በዘመሮ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን፣ ከዘመሮ ሰው ግማሹ ባለበት፣ ማይክሮፎን ይዞ አነበበው። ምስጢሯን ሊጠብቅ ብሎም ለወንድ የተባለውን ለሴት አድርጎ ለወጠው። የጥንቃቄው ብዛት ጉድ አመጣ። «ኩበቴ ነሽ አንቺ» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማ የለም። የታጨችው ሳሌም ናት፤ ታዲያ ኩበት የተባለችው ማን ልትሆን ነው?

በሳምንቱ ገበያ ሳሌም ከስፌት መኪናዋ ቀና ማለት አቃታት። ጎረቤታቸው አማከለች፣ ምላሷ ከመቀስ የተሳለ ሴት፣ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ «ኧረ ራቅ በሉ፣ ክብሪት እንዳይነካት!» አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ለክረምት ጥሩ ነው፣ ደርቃለች» አለች። ሳሌም ምንተስኖትን ጠርታ «ለእኔ ያገኘኸው ቃል ይህ ነው?» ብላ አለቀሰች። እሱም «ስድብ አይደለም፤ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም፣ መሐላ አለብኝ» ከማለት በቀር ወይ ፍንክች።

አወቀ በፈረስ እየጋለበ ወላጆቹ ቤት ወጣ። ከኮርቻው ሳይወርድ ነው የጀመረው። «ልጄን በእበት መሰላት! የከተማ መሳቂያ አደረገን! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ እጮኝነቱን አፈርሳለሁ። አባቴም ይምጣ፣ አንቺም ነይ።»

ፈንታ «እሺ» አለ።

ጌታነሽ እጇ ላይ ያለውን እበት እንኳ ሳትታጠብ ቆማ ቀረች። ምንተስኖት አፉን ቢከፍት እኮ ያበቃ ነበር። ግን አልከፈተም። ማስማሉን ያስማለችው እሷ ናት። ዝም ካለች ክብሯ ይተርፋል፣ የሳሌም ትዳር ይፈርሳል። ከተናገረች ደግሞ የምታፍረው እሷ ብቻ አይደለችም። ኩበት የተባለው ሰውዬ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ከሽማግሌዎቹ መሐል ይቀመጣል። እሷ ከአርባ ዓመት በላይ «አንቱ» ስትለው ኖራ፣ ደብተሩ ላይ «አንተ» ብላዋለች። ይህን በምን አፏ ትነግረዋለች?

እሑድ ጧት ቁልቁል ሲወርዱ ደብተሩ ከነጠላዋ ሥር መቀነቷ ውስጥ ነበር። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ «አንቱ» አለችው።

«አቤት?»

«... ጫማዎን ያውልቁ፣ ውሃው ሞልቷል።»

ከጅረቱ ማዶ ካለው ትልቅ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ደግሞ «አንቱ» አለች።

«አቤት?»

«ነፋሱ ዛሬ በረታ አይደል?»

ፈንታ ዞሮ አያት። «ነፋሱን በጀርባሽ አድርጊው» አለና ከነፋሱ በኩል ሆኖ መሄድ ጀመረ።  የጌታነሽ ልብ ያን ጊዜ ቆረጠ።

የአወቀ ቤት ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ቀለም የተቀባ፣ ጣሪያው የራሱ ቆርቆሮ። በአንድ ወገን የደብሩ ቄስ መምሬ ኪዳነ ወልድና ፈንታ፣ በሌላ ወገን የምንተስኖት አጎት ይሥሐቅና ምንተስኖት ተቀመጡ። ሳሌም ከጓዳው በር ቆመች። ጌታነሽ ከደጃፉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

አወቀ ጀመረ። «አባቶቼ፣ ነገሩን ሁላችሁ ሰምታችኋል። እኛ ቤት ኩበት ከቀረ ስንት ዓመቱ! ልጄ ያደገችው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ይህ ሰው ግን በሕዝብ ፊት ኩበት አላት።»

ይሥሐቅ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ልጃችን አጥፍቷል ካላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ምንተስኖት፣ ምን አስበህ ነው? ተናገር እንጂ!»

«ጋሼ፣ ስድብ አይደለም።»

«እኮ ምንድነው?»

«መሐላ አለብኝ።»

«አያችሁት?» አለ አወቀ እጁን እያጨበጨበ። «መሐላ ይላል! እንግዲህ...»

«መሐላውን ያስማልኩት እኔ ነኝ» አለች ጌታነሽ።

ሁሉም ዞረ። እሷም ተነሣች። «መምሬ፣ ያስማለ መፍታት ይችላል አይደል?»

«ይችላል» አሉ መምሬ ኪዳነ ወልድ በመገረም።

«እንግዲያው ፈታሁህ ልጄ። ግጥሙ የእሱ አይደለም። የሳሌምም አይደለም። የእኔ ነው።» ከመቀነቷ ደብተሩን አወጣች።

«እማዬ፣ አንቺ ማንበብ ትችያለሽ?» አለ አወቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልነገረችውም ነበር።

«ቁጭ በልና ስማ።»

በጠማማዋ ጣቷ መስመሩን እየተከተለች፣ አንዳንዱ ቃል ላይ እንደ ዳገት እየቆመች፣ አነበበች።

ጨረቃ አልልህም፣ ውርጭ ታወርዳለች፣
ገብሱን አቃጥላ፣ ቤት ታስርባለች።
ማርም አልልህም፣ ቆላ ነው አገሩ፣
አበባም አልልህም፣ ረጋፊ ነው ዘሩ።
ኩበቴ ነህ አንተ፣ ፀሐይ ያደረቀህ፣
ነበልባል ሳታሳይ፣ ፍሙ የማይለቅህ።
እሳት ልጫር ብዬ፣ ብመጣ ከቤትህ፣
አርባ ዓመት ያዝኩህ፣ ሳይፈጀኝ ሙቀትህ።
አመድ ለብሰህ አድረህ፣ ማንም ሳያይብህ፣
ጧት እፍ ስልብህ ግን፣ ያው እሳት አለብህ።

የሳቀ አልነበረም። ቆርቆሮውን ነፋሱ ብቻ ያንኳኳል።

አወቀ በቀስታ «እማዬ... አባቴን ነው ኩበት ያልሽው?» አለ።

«አዎ፣ አባትህን ነው። አንተ የተወለድከው በሰባት ወርህ ነው። ኅዳር ላይ፣ ያ ውርጭ ሲወርድ። ከጡጫ አትበልጥም ነበር፤ ያየህ ሁሉ አይተርፍም ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። አባትህ አርባ ቀን ከምድጃው አልተነሣም። ኩበቱን አንድ በአንድ እያስጠጋ፣ እንዳይነድም እንዳይጠፋም፣ እንቁላል እንደምታሞቅ ዶሮ አሞቀህ። ከምን በተሠራ እሳት የተረፍክ ይመስልሃል ልጄ? ከቆርቆሮ ነው?»

መምሬ ኪዳነ ወልድ አንገታቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አወቀ አልሳቀም። ዓይኑ አባቱ ላይ ነው። የሁሉም ዓይን ወደዚያው ሄደ።

ፈንታ በትሩን ይዞ መሬት መሬቱን ያያል። ጌታነሽ በርጩማውን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«እስቲ» አለ ፈንታ በመጨረሻ፣ «ያቺን የማለቂያዋን ድገሚያት።»

ደገመችለት። በዚህኛው አልተደናቀፈችም።

«እንግዲህ» አለ ፈንታ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ከመሬት እንደሚለቅም ሰው፣ «ኩበት ጭስ አለው። እኔም አላጣሁም። አርባ ዓመት ዓይኗን ያስለቀስኳትን ጭስ ሁሉ ትታ፣ እሳቱን ብቻ ጻፈችልኝ። ይህ ስድብ ከሆነ፣ እባካችሁ እኔን ብቻ ስደቡኝ፤ ለሌላ እንዳትሰጡብኝ።»

አጎት ይሥሐቅ ጭኑን መትቶ ሳቀ። መምሬም ያን ጊዜ ሳቃቸውን ለቀቁት። «እግዚኦ! ስንት ቅኔ ስንቀኝ ኖረን፣ አንዲት ኩበት ጠፍጣፊ አሸነፈችን!» አሉ። ጌታነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ሲያፍሩ የሚደረገው እንደዚያ ነው። ከነጠላዋ ሥር ግን አፏ እስከ ጆሮዋ ተከፍቶ ነበር።

አወቀ ተነሥቶ የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ ቀጥሎ የአባቱን። ዞሮም ምንተስኖትን «ለምን አልነገርከኝም ልጄ?» አለው።

«ምሎ የከዳ ሰው ልጅዎን እንዴት ያገባል ጋሼ?»

ነገሩ ያለቀ መሰለ። ግን ሳሌም ከጓዳው በር ወጣችና ምንተስኖት ፊት ቆመች። «እሺ፣ ያ የአያቴ ነው። በአንተ ቃል እኔ ምንድን ነኝ?»

 ምንተስኖት ጨረቃ ብሎ እንደማይድን ያውቃል፤ ያስተማረችው አያቷ ናት። «ገና አልደረስኩበትም» አለ። «እማማ አርባ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።»

ሳሌም ጥቂት አየችው። «እንግዲያው አርባ ዓመት ትጽፋለህ» አለች።

ፈንታ «በቃ፣ ታርቀዋል» አለ። በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገር ያየው ሰው አልነበረም።

ጥር ላይ ሠርጉ ሆነ። አውራጇ ማን ነበረች? አማከለች! ያቺው ምላሷ እንደ መቀስ ያለች። «ኩበቴ ነህ አንተ» ብላ ስታወርድ፣ ሚስቶች ሁሉ ወደየባሎቻቸው እየዞሩ ተቀበሏት፤ ባሎቹም የሚገቡበት አጡ። ጭፈራው ጋብ ሲል አማከለች ጌታነሽን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«ምን ነበር እቴ፣ ለእኔም ባል አንድ ነገር ብትፈልጊለት?»

«ባልሽ ምን ይመስላል?»

«እሱ? በግድ ካልሆነ አይንቀሳቀስም፤ ከተነሣ ደግሞ አይቆምም።»

«እሱስ የወፍጮ ድንጋይ ነው» አለች ጌታነሽ። «አትናቂው፤ ዱቄት ያለ እሱ አይገኝም።»

በሠርጉ ማግሥት ሙሽሮቹ መንደሩ ድረስ ወጡ። ሳሌም ከደጃፉ ቆማ «እሳት ልጫር መጥቼ ነው» አለች። ፈንታ ተነሣና ከክምሩ አገላብጦ አየ፤ የጣት ማኅተም ያለበትን ደረቁን መረጠ፣ ፍሙን መሐሉ አስቀምጦ ከደነው። ምንም መናገር አላስፈለገውም፤ ልጅቷ ነፋሱን በጀርባዋ አድርጋ ቁልቁል መንገዱን ያዘች። ዘመሮ መግቢያ ላይ ያገኙት ባጃጅ ነጂ «እሳት አልጭንም፣ ጎማዬን ልታቃጥሉ ነው?» ብሎ ቢጮህም፣ ሳሌም «ኩበት ነው፣ አይፈጅም፤ የአያቴን ግጥም አልሰማህም?» አለችው። ሰምቶት ኖሯል። ጫናቸው። አዲሱ ቤት ደርሰው እፍ ሲሉበት ፍሙ ቀልቶ ተገኘ።

በሚቀጥለው ገበያ ጌታነሽ ጨውና በርበሬዋን ገዛች። ከዚያ የድሮው ሱቅ ፊት ቆመች። የመጀመሪያው ደብተር አልቋል። ባለሱቁ አዲሱን እያቀበላት «ለልጅ ልጅዎ ነው እማማ?» አላት።

«የለም» አለች፣ ደብተሩን ከነጠላዋ በላይ በግልጽ ታቅፋ። «የእኔ ነው። ጭሱን መጻፍ ይቀረኛል።»